ማሽኑ ቀድሞ፣ መከለያው ዘግይቶ፦ የትራክተርና የመውቂያ ማሽን አደጋ ታሪክ

እንደሚታወቀው በአገራችን ገጠር ስለ ትራክተር ሲወራ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ማሲ ፈርጉሰን ነው። የትራክተር ድምፅ በተሰማበት አካባቢ ስሙን የማያውቅ የማኅበር አባል ማግኘት ያስቸግራል። ፈርጉሰን የሰው ስም መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሰውዬው ስሙን ላስጠራለት ሥራ ካነሳሱት ምክንያቶች አንዱ የዘመኑ ትራክተር እየተገለበጠ ነጂውን ይገድል የነበረ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1884 በሰሜን አየርላንድ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ መካኒክ ነበር። በ1909 ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ሰው እንደሆነም ተመዝግቧል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917፣ የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ በአገሪቱ የሚሠሩትን ትራክተሮች ተዘዋውሮ እንዲያይና ሥራቸው የሚሻሻልበትን መንገድ እንዲፈልግ ኃላፊነት ሰጠው። በዚያው ዓመት ሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር በብዛት ማምረት ጀመረ። ፎርድሰን ቀላልና ርካሽ፣ የአነስተኛ ገበሬ አቅም የሚደርስበት ነበር። አንድ ክፉ ጠባይ ግን ነበረው። የሚጎትተው ማረሻ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው አፍንጫውን አንስቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ከሥሩ ያደርገው ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከበሬ መነሳት ይሻላል። በጥማድ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ሥር ሲይዝበት በሬዎቹ ክብደቱ ይሰማቸዋልና ቆም ይላሉ። ገበሬውም እርፉን ነቅነቅ አድርጎ ማረሻውን ያስለቅቃል። ቢብስ ሞፈር ይሰበራል። ሞተር ግን አይሰማውም። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ቆንጥጠው መዞር ሲያቅታቸው ሞተሩ ኃይል መስጠቱን አያቆምም፤ በጎማዎቹ ፋንታ የትራክተሩ አካል ራሱ በኋላ አክስሉ ላይ ይዞራል፣ የፊቱም ይነሳል። በዚህ ዓይነት መገልበጥ የጀመረ ትራክተር መመለሻ ወደሌለው ደረጃ የሚደርሰው በሦስት ሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። በአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ሁሉ ነገር ያልቃል። ሰው አደጋውን አይቶ፣ ልቡ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ እስኪያደርስ ጊዜው አልፏል። ስለዚህም «ጎበዝ ኦፕሬተር ትራክተር አይገለበጥበትም» የሚለው የተለመደ አነጋገር በሰዓት ሲለካ የሚጸና አይደለም።

ፈርጉሰን ማረሻውን ከኋላ በመጎተቻ ከማንጠልጠል ይልቅ በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል አደረገው። ሁለቱ የታች ክንዶች ይጎትታሉ። ሦስተኛው፣ የላይኛው ክንድ፣ ማረሻው ሲከብደው ወደ ፊት እየገፋ የፊት ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናል። ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራው ማንሻ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ክብደት ያነሳላቸውና ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ ትራክተሩ አይነሳም። በ1936 ይህን የያዘ ትራክተር ለገበያ ቀረበ። በ1938 ከፎርድ ጋር ተስማማ፣ በ1953 ድርጅቱን ማሲ ሃሪስ ከተባለው ኩባንያ ጋር አዋሐደ። ዛሬ ኦፕሬተሮች «ስሪ ፖይንት» የሚሉት ማያያዣ፣ በየትኛውም ፋብሪካ ቢሠራ፣ ዘሩ ከዚያ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ፈርጉሰን ለገበሬዎች «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ በመለጠፍ አለመወሰኑ ነው። የለወጠው ማሽኑን ነው። ይሁን እንጂ የፈርጉሰን ክንዶች የሚያግዙት በእርሻ ላይ ሳለ ነው። ትራክተሩ ተዳፋት ላይ በጎኑ ሲወድቅ፣ ቦይ ጠርዝ ሲናድበት ወይም በኋላ አክስሉ ላይ ከፍ ብሎ በታሰረ ሰንሰለት ከባድ ነገር ሲጎትት የሚደርሰውን አያስቀሩም። የመጨረሻው በተለይ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በክረምት ጭቃ የያዘውን አይሱዙ ትራክተር ጠርቶ ማስጎተት በየወረዳው የታወቀ ነው። ሰንሰለቱ ከታችኛው መጎተቻ ብረት ላይ ካልታሰረ ፎርድሰን በ1917 ያደርግ የነበረውን አዲሱም ትራክተር ያደርገዋል።

ሁለት ቶን የሚመዝን መዶሻ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስዊድን ፈረስ ከእርሻ እየወጣ ትራክተር በፍጥነት ይተካው ጀመር። ከትራክተሩ ቁጥር ጋር ከሥሩ የሚወጣው የነጂ ሬሳም በዛ። ኡፕሳላ ከተማ አጠገብ፣ ኡልቱና በሚባለው ስፍራ የነበረው የእርሻ መሣሪያዎች መፈተሻ ተቋም በ1950ዎቹ አንድ ቀላል ጥያቄ ይዞ ተነሳ። ትራክተሩ መገልበጡ ካልቀረ ሲገለበጥ ነጂው የሚተርፍበት ባዶ ቦታ እንዴት ይገኛል?

መልሱ ከነጂው ራስ በላይ የሚቆም ጠንካራ የብረት ቅስት ወይም ጋቢና ነበር። አስቸጋሪው ብረቱን ማቆም ሳይሆን ብረቱ በእርግጥ የሚችል መሆኑን ማወቅ ነበር። ለዚህም ሁለት ቶን የሚመዝን ክብደት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ እንደ ትልቅ መዶሻ ወደ ኋላ ይሳብና በብረቱ ላይ ይለቀቃል። ከኋላ ይመታል፣ ከጎን ይመታል። ከዚያ የነጂው ቦታ ተጨፍልቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ይለካል። ያለፈ ይፈቀዳል፣ የወደቀ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት የትራክተር መፈተሻ ደንብ በ1959 ሲወጣ መንገዱ ለሌሎች አገሮችም ተከፈተ። ዛሬም በብዙ ትራክተሮች ቅስት ላይ የምትታየው ትንሽ የብረት ሰሌዳ የዚያ ደንብ ልጅ ናት፤ ብረቱ ተፈትኖ ማለፉን የምትመሰክረው እሷ ናት።

ስዊድን በ1959 አጋማሽ ላይ ተቀጣሪ ሠራተኛ የሚነዳው አዲስ ትራክተር ሁሉ የተፈተነ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አስገደደች። በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት ሕጎች አንዱ ነው። ቀጥሎ አሮጌዎቹም እንዲገጠምላቸው ተደረገ፤ እያደርም ቤተሰቡ ራሱ የሚነዳው ትራክተር በሕጉ ውስጥ ገባ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከ100,000 ትራክተሮች በየዓመቱ ከ10 በላይ ሰዎች በመገልበጥ ይሞቱ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ከአንድ በታች ወርዷል። መሬቱ አልተደላደለም፣ ነጂውም ከአባቱ የበለጠ ጎበዝ አልሆነም፤ ትራክተርም መገልበጡን ጨርሶ አልተወም። ከራስ በላይ ብረት ቆመ እንጂ።

ብሪታንያ በመስከረም 1970 ለአዳዲስ ትራክተሮች ይህንኑ ግዴታ አደረገች። እዚያ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። በችኮላ የተገጠሙት የላሜራ ጋቢናዎች የሞተሩን ጩኸት ሰብስበው እንደ ከበሮ ያስተጋቡት ስለነበር ከሞት የተረፈው ነጂ ጆሮውን ያጣ ጀመር። በ1976 በጋቢና ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከ90 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሌላ ደንብ ማውጣት አስፈለገ።

የአሜሪካው ታሪክ ለኅብረት ሥራ ሰዎች የበለጠ ያስተምራል። ዕውቀቱ ቀድሞም እዚያ ነበር። ጆን ዲር የተባለው ኩባንያ በ1966 መከላከያ ቅስት ለገበያ አቅርቦ ፈጠራውን ሌሎች አምራቾችም ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ሕጉ ግን የመጣው በ1976 ሲሆን እሱም ከዚያ ዓመት ጥቅምት በኋላ የተሠሩና ተቀጣሪ የሚነዳቸው ትራክተሮችን ብቻ የሚመለከት ነበር። 10 እና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸው እርሻዎች በተግባር ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኑ። አምራቾቹ አዲስ ትራክተር ሁሉ ከነመከላከያው እንዲወጣ በፈቃዳቸው የተስማሙት በ1985 ነው። አሮጌዎቹ ትራክተሮች ግን አልሞቱም። ትራክተር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ይሸጣል፣ ይጠገናል። በዚህም ምክንያት የትራክተር መገልበጥ በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ከሚደርሱ የሞት አደጋዎች ግንባር ቀደም እንደሆነ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። የኒውዮርክ ግዛት በ2006 ሌላ መንገድ ሞከረ። ለአሮጌ ትራክተሩ መከላከያ ለሚገዛ ገበሬ ከወጪው 70 በመቶውን መመለስ ጀመረ። የገበሬው ችግር አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም እንደሆነ የተረዳ አሠራር ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። ቅስት ያለው ትራክተር የመቀመጫ ቀበቶ ይፈልጋል። ቀበቶ ያላሰረ ነጂ ትራክተሩ ሲገለበጥ ከመቀመጫው ይወረወርና ያድነው ዘንድ የቆመው ብረት ራሱ ይጫነዋል። ቅስት የሌለው ትራክተር ላይ ደግሞ ቀበቶ አይታሰርም፤ ነጂውን ከሚወድቀው ብረት ጋር ማሰር ይሆናል። በመንደር ወርክሾፕ ከቱቦ ተበይዶ የተሠራ ቅስት ጥላ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ያ የሁለት ቶን መዶሻ አልሞከረውም። የተፈተነውም ቢሆን መብራት ለመስቀል ከተበሳ ወይም ከተበየደ ጥንካሬው የነበረው አይደለም።

ስዊድኖች ጭላሎ ሲመጡ

በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች ዘንድ ካዱ በሚለው ስሙ የሚታወቀው፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ስዊድን በአገሯ ተቀጣሪ የሚነዳው አዲስ ትራክተር ያለ መከላከያ እንዳይሠራ ካደረገች ስምንት ዓመት አልፏታል። በአሰላ ዙሪያ ስለ ትራክተር የተነሳው ትልቁ ጥያቄ ግን ስለ ነጂው አልነበረም። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የስንዴን ትርፍ ባሳዩ ጊዜ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ወይም እየተከራዩ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ተነቀለ። ለዚያ ትውልድ የትራክተር አደጋ ማለት መፈናቀል ነበር። እርሻውን ያጣ ሰው ስለ ጋቢና ሊጠይቅ አይችልም።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ምዕራፍ ዘጋው። የባለመሬቱ ትራክተር የመንግሥት እርሻ ሆነ። በአርሲና በባሌ የስንዴ እርሻዎች፣ በአዋሽ ሸለቆና በሌሎችም አካባቢዎች ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ቤላሩስ ትራክተሮች ታዋቂ ሆኑ፤ ናዝሬት ላይም መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። በመንግሥት እርሻ ኦፕሬተሩ ተቀጣሪ ነበር፣ ጋራዥ ነበረው፣ አለቃ ነበረው። ሥራው ጥሩም ሆነ መጥፎ የሚጠየቅ አካል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኮምባይነሩም ትራክተሩም በአብዛኛው ወደ ግል ባለንብረቶች የኪራይ ሥራ ገባ። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተደራጁት ዩኒየኖች ለአባሎቻቸው የእርሻና የአጨዳ አገልግሎት መስጠት የጀመሩት በዚህ መልክ የተለወጠ ገበያ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱ ደግሞ ማሽኑን ይበልጥ አቀረበው።

የኪራይ ሥራ የራሱ ባሕርይ አለው። ትራክተር በሄክታር፣ ኮምባይነር በኩንታል ይከፈለዋል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ባለንብረቱም፣ ኦፕሬተሩም፣ ተራ የሚጠብቀው ገበሬም ይከስራሉ። ዝናብ ያሰጋል፤ ሰብሉ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ የኮምባይነሩ አፍ በገለባ ሲታነቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ወርዶ ማጽዳት አሥር ደቂቃ ይበላል፤ ሞተሩ እየሠራ በእጅ መንቀል ግን አንድ ደቂቃ ነው። ረዳቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ጥንቃቄው ብቻ አይደለም፤ የክፍያው ውልም ይወስንለታል።

ጋቢና ዘንጉን ሲያገኘው

የትራክተር ሞተር ከመጎተት ሌላ በዘንግ ኃይል ያስተላልፋል። ኦፕሬተሮች ፒቲኦ የሚሉት ይህ ዘንግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ከተስፋፋ በኋላ ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር እንዲሆን በ1920ዎቹ ተወሰነ። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። ስምንት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 25 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል፤ በአንድ ሰከንድ ከሁለት ሜትር በላይ። ሰው ጨርቁ እንደተያዘ አውቆ ወደ ኋላ ለመሸሽ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት ከአንድ ሜትር በላይ ጋቢ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። የቀረው የለባሹ አካል ነው።

በአርሲና በባሌ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጭ በወረደበት ሰዓት ያለ ጋቢ ወይም ያለ ቡልኮ ከቤት የሚወጣ ገበሬ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ይመጣሉ። ልብሱ ነውር የለበትም፤ ለብርዱ የተሠራ ነው። ዘንጉን ከፋብሪካው ሲወጣ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ቱቦው በትንሽ ሰንሰለት ስለሚያዝ ዘንጉ ውስጥ ሆኖ ሲዞር እሱ አይዞርም። ይህ ቱቦ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ግራሶ ለመቀባት ሲባል ይነቀላል፤ ከተነቀለ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ማሽኑ ያለ እሱም ይሠራልና። የእርሻ መሣሪያ መከለያዎች ሁሉ ችግር ይህ ነው። ቀበቶ ሲበጠስ ሥራ ይቆማል፣ መከለያ ሲጠፋ ግን ሥራ አይቆምም።

የመውቂያው አፍ

ከትራክተር ይልቅ ዛሬ ወደ ብዙ አባላት ደጃፍ የደረሰው መውቂያ ማሽን ነው። ታሪኩም ከትራክተር ይረዝማል። በእንግሊዝ አገር በእንፋሎት የሚሠራው መውቂያ የሠራተኛ እጅና እግር እየበላ ስላስቸገረ ፓርላማው በ1878 የመውቂያ ማሽኖች ሕግ አወጣ። የማሽኑ ከበሮና ነዶ የሚገባበት አፍ በሥራ ሰዓት ሁሉ እንዲከለል የሚያዝዝ ነበር። ይህ የሆነው ከዓድዋ ጦርነት 18 ዓመት በፊት ነው። ዕውቀቱ ማለትም የመውቂያ አፍ መከለል እንዳለበት ማወቅ አዲስ አይደለም።

ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ ሕንድ ያንኑ ትምህርት በራሷ ገበሬዎች እጅ እንደገና ተማረችው። ምርጥ የስንዴ ዘር በፑንጃብና በሐርያና ምርቱን ባበዛው ጊዜ በሬ መውቂያ አልደረሰም፤ በየከተማው ያሉ ትናንሽ ወርክሾፖች መውቂያ እየበየዱ ይሸጡ ጀመር። ዋጋው እንዲረክስ የማሽኑ አፍ አጭር ሆነ፣ አንዳንዱም ከነአካቴው ክፍት። መኸሩ ያጣድፋል፤ ሌሊትም ይወቃል፤ እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው ነዶውን ሲገፋ እጁ አብሮ ይገባል። በ1970ዎቹ በየመኸሩ እጅ የሚያጡ ሰዎች ነገር የአገር ጉዳይ ሆነ። የሕንድ ፓርላማ በ1983 ያወጣው የአደገኛ ማሽኖች ሕግ በዋነኛነት ይህን መውቂያ የተመለከተ ነበር፤ የአምራቹን ኃላፊነትና ለተጎዳ ሰው የሚከፈለውን ካሣ ይደነግጋል። የሕንድ የደረጃ መሥፈርት ደግሞ ነገሩን ወደ ልኬት አወረደው። ነዶ የሚገፋበት አሸንዳ ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ወደ ከበሮው የቀረበው ግማሹም ከላይ የተሸፈነ እንዲሆን አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ 90 ሳንቲ ሜትር አይደርስም። እንቅልፍ ያዳፋው ሰው እንኳ ወደ ጥርሱ የሚደርስ እጅ የለውም። ሕጉ ግን በየመንደሩ ወርክሾፕ የሚበየደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊደርስበት አልቻለም። የላሜራው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ለሻጩ የዋጋ ልዩነት ነው።

በአገራችን በአሰላና በመልካሳ በእርሻ መሣሪያ ላይ የሚሠሩ ማዕከላት ለጤፍ፣ ለስንዴና ለበቆሎ የሚሆኑ መውቂያዎችን ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። ከውጭ የሚገባም አለ፣ በየከተማው የሚበየድም አለ። ልዩነቱ አውድማው ላይ ይታያል።

አውድማ ከድሮም ሥርዓት ያለው ቦታ ነው። በብዙ አካባቢ ጫማ ተወልቆ ይገባበታል፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ወግ አለው። ልጆች ግን ሁልጊዜ የአውድማ ሰዎች ነበሩ። በሬ እየነዱ የሚያበራዩት እነሱ ናቸው፤ የበሬ ኮቴ ደግሞ ልጅን ብዙም አይጎዳም። በሬው ወጥቶ ማሽኑ ሲገባ ልጆቹ ከአውድማው አልወጡም። ሥራቸው ተለውጦ ነዶ አቀባይ፣ ገለባ ሰብሳቢ ሆኑ። ስዊድኖች መከላከያቸውን ሲያስቡ ያሰቡት አንድ ነጂ በሰፊ ማሳ ላይ ብቻውን ነው። በእኛ አገር ማሽን በሄደበት ሃያ ሰው አለ፤ ደቦ አለ፣ ቃርሚያ ለቃሚ አለ፣ ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠ ዘመድ አለ፣ ከትራክተሩ ጀርባ በተሳቢ ወደ ገበያ የሚሄድ መንደርተኛ አለ። ከውጭ የተገለበጠ ደንብ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ሕጉም ቢሆን የስዊድንን የመጀመሪያ ሕግ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ሥልጠናና መከላከያ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣት ሠራተኞችንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። የዩኒየኑ ኦፕሬተር ተቀጣሪ ስለሆነ በዚህ ውስጥ ይገባል። በገዛ አውድማው ላይ ነዶ የሚያጎርስ አባልና ልጁ ግን የማንም ተቀጣሪ አይደሉም። ስዊድን ይህን ክፍተት እስክትዘጋ ከ20 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጅቶባታል።

ዩኒየኑ ምን መጠየቅ ይችላል

በዚህ መካከል ዩኒየኖች አንድ ገበሬ ለብቻው የሌለው ጉልበት አላቸው፤ እሱም የገዢነት ጉልበት ነው። አንድ ትራክተር የሚገዛ ሰው የቀረበለትን ይወስዳል። አሥር ትራክተርና ሃያ መውቂያ በጨረታ የሚገዛ ዩኒየን ግን መሥፈርት ያወጣል። መሥፈርቱ የፈረስ ጉልበትን፣ የጎማ ቁጥርንና የመለዋወጫ አቅርቦትን እንደሚጠይቅ ሁሉ የተፈተነ ቅስት ከነሰሌዳውና ከነቀበቶው፣ የፒቲኦ መሸፈኛ ከነመለዋወጫው፣ የመውቂያ አፍ 90 ሳንቲ ሜትር ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህን ያልጠየቀ ገዢ በርካሽ የሚሸጥለት አይጠፋም። የአገር ውስጥ ወርክሾፕም ቢሆን ላሜራውን የሚያስረዝመው ገዢው ሲጠይቀው ነው፤ የሕንዱ ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

የኪራይ ውሉም እንዲሁ የዩኒየኑ ነው። ውሉ ላይ አውድማው በገመድ እንዲከለል፣ ከገመዱ ውስጥ ሕፃን ካለ ኦፕሬተሩ ሞተር እንዳያስነሳ፣ በዚህ ምክንያት የጠፋው ሰዓትም ከክፍያው እንዳይቀነስበት ሊጻፍ ይችላል። የመጨረሻው ሐረግ ከሌለ የቀሩት ሁለቱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ኦፕሬተሩ ከቤተሰቡ እንጀራ እየቀነሰ የሌላውን ልጅ እንዲጠብቅ መጠየቅ ይሆናል። ይህን ወጪ በአባላት ሁሉ ላይ ማካፈል ደግሞ ዩኒየን ከግል አከራይ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

ማሽኑ ሲረከብ የሚሞላ ቅጽ አለ። የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የባትሪ፣ የትርፍ ጎማና የመፍቻ ሳጥን መስመር ይኖረዋል፤ ተረካቢው ኮሚቴ አንድ መፍቻ ቢጎድል ይመዘግባል። የዘንጉ መሸፈኛ፣ የቅስቱ ሰሌዳና የመውቂያው አፍ ርዝመት በዚያው ቅጽ ላይ መስመር ካገኙ የጎደለው በርክክቡ ዕለት፣ ሻጩ ገና እዚያው ቆሞ ሳለ ይታወቃል። ለመለኪያውም የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ብቻ ነው።